ከባይፓስ ቀዶ ጥገና በኋላ የተደረገ ኢንዶስኮፒ፦ ከዕጢ ጥርጣሬ እስከ ስፌት ቁስለት

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራቸውን በቀዶ ጥገና ያሳነሱ ሰዎች ወደ ኢንዶስኮፒ ክፍላችን (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራ ወደሚታይበት ክፍል) መምጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። አብዛኞቹ ቀዶ ጥገናውን ያደረጉት በውጭ አገር ነው። አንዳንዶቹ አሜሪካ ወይም አውሮፓ እየኖሩ ለዘመድ ጥየቃ የመጡ፣ ሌሎቹ በዐረብ አገር ሲሠሩ የታከሙ፣ ቀሪዎቹ ደግሞ ለዚሁ ብለው ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሕንድ የተጓዙ ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ እዚያ ቀርቶ ችግሩ እዚህ ይመጣል። ከዚህ በታች የቀረበው የአንዲት ታካሚ ጉዳይ ብርቅ በሽታ አይደለም። ለመመዝገብ የመረጥኩት በአንድ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ የተደረገ አንድ ዓይነት ምርመራ፣ አንዴ የሆዱ አሠራር ሳይታወቅ፣ አንዴ ደግሞ ታውቆ ሲደረግ የሰጠውን የተለያየ ውጤት ጎን ለጎን ስላስቀመጠልኝ ነው። ታካሚዋ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ ማንነቷን የሚጠቁሙ ዝርዝሮች ተትተዋል።

የታካሚዋ ታሪክ

በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ የምትገኝና ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ የኖረች ሴት ናት። አዲስ አበባ የመጣችው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የታመሙ እናቷን ለማስታመም ነበር። እናቷን ደግፋ ስታነሳና ስታስተኛ የቆየ የወገብና የጉልበት ሕመሟ ተባባሰ። ሰፈር ካለ ፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዛች፤ እሱ ሲያልቅ አይቡፕሮፌን ቀጠለች። ማዘዣ የጠየቃት የለም። በከተማችን እነዚህን መድኃኒቶች መግዛት ማስቲካ ከመግዛት አይከብድም። ጾመኛ ስለነበረች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆይና መጀመሪያ ክኒኑን ትውጣለች፤ ምግቡ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከእንብርቷ በላይ የሚያቃጥል ሕመም ጀመራት። ቤተሰቡ ጨጓራ ነው፣ ጾሙ ነው ብሎ አለፈው። ከዚያው ፋርማሲ ኦሜፕራዞል የተባለው አሲድ መቀነሻ ተገዛላትና 20 ሚሊግራሙን በቀን አንድ ጊዜ መውሰድ ጀመረች፤ የሕመም ማስታገሻውን ግን አላቆመችም። ቀጥሎ የበላችውን ማስመለስ መጣ። ማስመለሱ ሳምንታት ፈጀ። በመጨረሻም ሰገራዋ ጠቆረ፣ ከተኛችበት ስትነሳ ያዞራት ጀመር፣ አንድ ቀን ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች።

የተጋጩ ሁለት ወረቀቶች

መጀመሪያ የተወሰደችው ለቤታቸው ወደሚቀርብ የሕክምና ተቋም ነው። ሄሞግሎቢኗ (የደም ማነስን የሚያሳየው ልኬት) 7.2 ነበር፤ በጣም ዝቅተኛ ነው። ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና አድርጋ እንደሆነ ስትጠየቅ የሐሞት ከረጢቷ በአሜሪካ እንደወጣላት ተናገረች። ደክማ ስለነበር ግሉኮስ ተሰቀለላት፤ በማግስቱ ኢንዶስኮፒ ተደረገ።

የምርመራው ወረቀት በአጭሩ ይህን ይላል፦ ጨጓራው ከልክ በላይ ጠቧል፣ የታችኛው ክፍሉና መውጫው አልታዩም፣ ቁስለት አለ፣ የጨጓራ ዕጢ ያጠራጥራል። ናሙና ተወስዶ ሲቲ ስካን ታዘዘ። ለቤተሰቡ የተነገረው «ዕጢ ሊሆን ይችላል» የሚለው ብቻ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ መገመት አያዳግትም።

የሲቲ ስካኑ ወረቀት ግን ሌላ ታሪክ ይዞ መጣ። ጨጓራው በቦታው አለ፣ ግድግዳው አልወፈረም፣ ዕጢ የሚመስል ነገር የለም ይላል። በላይኛው ክፍል የብረት ስቴፕል (በቀዶ ጥገና የተቆረጠን አካል የሚያያይዝ ትንንሽ ብረት) መስመር እንደሚታይም በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሷል። አንዱ ወረቀት ጨጓራው ሊጠፋ ደርሷል ሲል ሌላው ሙሉውን አገኘሁት ይላል። ቤተሰቡ ሁለቱን ወረቀቶች ይዞ ወደ እኛ ሲመጣ የጠየቀን ማንኛቸው እንደተሳሳቱ ነበር። ሁለቱም ያዩትን በትክክል ጽፈዋል። ኢንዶስኮፒ ያደረገው ባለሙያ በእርግጥም ትንሽ ከረጢት ነው ያየው፤ የጎደለው ያንን ከረጢት የሠራው ሰው መሆኑን የሚነግረው ሰው ነው።

ቤተሰብ ፊት ያልተነገረው

ምሥጢሩን የፈታችው የድንገተኛ ክፍል ነርሷ ናት። ደም ለመስጠት መርፌ ስታስገባ ዘመዶቿን በትሕትና ከክፍሉ አስወጥታ ነበር። ሆዷ ላይ ያሉት ትንንሽ ጠባሳዎች ለሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ከሚበቃው በላይ መሆናቸውን አስተዋለች። «እህቴ፣ ከሐሞት ከረጢቱ ሌላ የተደረገልዎት ቀዶ ጥገና አለ?» አለቻት። ታካሚዋ ወደ በሩ ተመልክታ፣ ከአራት ዓመት በፊት ክብደት ለመቀነስ ባይፓስ እንዳደረገች ነገረቻት። ስለ ሐሞት ከረጢቷ የተናገረችው እውነት ነበር። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር መፈጠሩ የተለመደ ነው፤ የእሷም የወጣው ከባይፓሱ በኋላ ባለው ዓመት ነበር። የደበቀችው የመጀመሪያውን ነው።

ለምን እንደደበቀች ስትነግረን ሳቀችም አፈረችም። ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው በስፖርትና በጾም እንደቀጠነች ነው። አክስቷ በየግብዣው «ልጄ፣ ጾሙ ነው እንዲህ ያሳመረሽ» እያሉ ለሌሎች ምሳሌ ያደርጓታል። ይህ ሁሉ ዘመድ አልጋውን ከቦ ቆሞ «ቀዶ ጥገና አድርገሽ ታውቂያለሽ?» ተብላ ብትጠየቅ ሌላ መልስ መጠበቅ የዋህነት ነው። በእኛ አገር ታማሚ ብቻውን አይታከምም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ግን አይመችም።

ያን ዕለት ማታ በአሜሪካ የታከመችበት ሆስፒታል ለታካሚዎቹ የከፈተውን ገጽ በስልኳ ከፍታ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ አወረደችልን። እስካሁን ከተጠቀምኩባቸው የምርመራ መሣሪያዎች ሁሉ እንደዚያ ማስታወሻ በርካሽ ብዙ የነገረኝ የለም።

ባይፓስ ምን ይቀይራል

የጨጓራ ባይፓስ ክብደት ለመቀነስ ጥቅም ላይ የዋለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በኤድዋርድ ሜሰንና በቺካሺ ኢቶ ነው። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ጨጓራው ከላይ ተቆርጦ ከ15 እስከ 30 ሚሊሊትር የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ከምግብ ቧንቧው ጋር ይቀራል። ቀሪው ትልቁ ጨጓራ አይወጣም፤ ተገልሎ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ አሲድም ያመነጫል። ትንሹ አንጀት ተቆርጦ አንዱ ጫፉ ወደ ላይ ተስቦ ከአዲሱ ከረጢት ጋር ይሰፋል፤ የሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ የሚያመጣው ሌላኛው ጫፍ ወደ ታች ርቆ ይገናኘዋል። በእሷ ማስታወሻ መሠረት ይህ ሁለተኛው መገናኛ ከከረጢቱ 100 ሴንቲሜትር ርቆ ይገኛል። የከረጢቱ መገጣጠሚያ በስቴፕል ከተሠራ በኋላ በማይሟሟ ሰማያዊ ክር ተጠናክሯል።

ኢንዶስኮፒ ለሚያደርግ ሰው የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። የተለመደው መሣሪያ በአፍ ገብቶ የሚያየው ከረጢቱን፣ መገጣጠሚያውንና ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የአንጀት ክፍል ነው። የተገለለውን ጨጓራና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን የትንሹ አንጀት መጀመሪያ (ዱዮደነም) አያይም። ደም የሚፈሰው ከዚያ ከሆነ በረጅም መንገድ ዞሮ የሚደርስ ልዩ ኢንዶስኮፕ ወይም በቀዶ ጥገና የሚታገዝ መግቢያ ያስፈልጋል። የመገጣጠሚያው አንጀት ደግሞ በተፈጥሮው አሲድ የሚችል አይደለም፤ ስለዚህ ቁስለቱ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከስፌቱ በአንጀት በኩል ነው። ማጨስ፣ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች፣ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ የማይሟሟ ክር፣ ከተገለለው ጨጓራ ወደ ከረጢቱ የተከፈተ ቀዳዳ፣ ሁሉም ለዚህ ቁስለት ያጋልጣሉ። እሷ አታጨስም።

ሁለተኛው ምርመራ

ከምርመራው በፊት አንድ ዩኒት ደም ተሰጣት፣ የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት በደም ሥር ተጀመረ። ሌላም ያሳሰበን ነገር ነበር። እግሮቿ ይደነዝዟታል፣ ስትራመድም ትንገዳገዳለች። ሳምንታት ያስመለሰ ሰው፣ ይልቁንም ባይፓስ ያለው፣ የቫይታሚን ቢ1 (ቲያሚን) ክምችቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሟጠጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ቲያሚን ሳያገኝ ግሉኮስ ቢሰጠው አእምሮን የሚጎዳ ከባድ ችግር ሊከተል ይችላል። እሷ ግሉኮስ ቀድሞ ተሰቅሎላት ስለነበር የዓይኗን እንቅስቃሴና የአእምሮዋን ንቃት ፈትሸን፣ ደህና መሆኑን አይተን፣ ቲያሚኑን በከፍተኛ መጠን በደም ሥር ጀመርን። መንገዳገዱ በቀናት ውስጥ ቀለለ፤ የእግሯ መደንዘዝ ግን ቀስ ብሎ ነው የሄደው።

ኢንዶስኮፒው ሲደረግ የምንፈልገውን እናውቅ ነበር። የምግብ ቧንቧው መጨረሻ ከጥርሷ 38 ሴንቲሜትር ላይ፣ መገጣጠሚያው 43 ላይ ነው፤ የከረጢቱ ርዝመት 5 ሴንቲሜትር ማለት ነው። በጠባብ ከረጢት ውስጥ መሣሪያውን ወደ ኋላ ማጠፍ ስለሚያሰጋ አላጠፍንም፤ የስቴፕሉን መስመር ፊት ለፊት ቀስ ብለን ፈተሽን፣ ቀዳዳ የለውም። የመገጣጠሚያው ስፋት ወደ 12 ሚሊሜትር ይገመታል። ከእሱ ወዲያ፣ በአንጀት በኩል፣ 1.5 ሴንቲሜትር የሚሆን ቁስለት ተገኘ። ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ነጥብ አለ፤ የሚፈስ ደም የለም። ከቁስለቱ መሃል የሰማያዊ ክር ጫፍ ወጥቷል። ከመገጣጠሚያው በታች ሁለት ቀዳዳዎች ይታያሉ፦ አንዱ ምግብ የሚወርድበት አንጀት ሲሆን ሌላው መጨረሻው የተዘጋ አጭር ጉማጅ ነው። ሁለቱንም አየን፤ ጤናማ ናቸው።

ጠፍጣፋ ጥቁር ነጥብ በኢንዶስኮፕ የሚደረግ የደም ማቆሚያ አይፈልግም፤ መድኃኒት ይበቃዋል። ከቁስለቱ ጠርዝ ናሙና የወሰድነው የዕጢው ጥርጣሬ በወረቀት ጭምር እንዲዘጋ ነው። የፓቶሎጂ ውጤቱ ቁስለትና ብግነት ብቻ አለ፤ ቀደም ሲል የተወሰደውም እንዲሁ።

ክሩን በዚያን ቀን አላወጣነውም። መቁረጫው በእጃችን አልነበረም፤ ደም ባዘለ ቁስለት ውስጥ ያለን ክር በናሙና መውሰጃው መጎተት ደግሞ ነገር መፈለግ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉም በላይ የሠራው ማስታገሻዎቹን ማቆሙ ነው። በምትኩ ፓራሲታሞልና ለጉልበቷ ፊዚዮቴራፒ ታዘዘ። እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ላላት ሰው ክልከላው የጥቂት ሳምንት ሳይሆን የዕድሜ ልክ መሆኑን ለማስረዳት ከምርመራው የበለጠ ጊዜ ወሰደብን። አሜሪካ ሳለች ተነግሯት ነበር፤ ግን ከፋርማሲ የገዛቻቸው ሁለቱ ክኒኖች ከተከለከሉት ወገን መሆናቸውን አላወቀችም።

ኦሜፕራዞል ወደ 40 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ አለ፤ አወሳሰዱም ተቀየረ። እንክብሉ ተከፍቶ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ሳይታኘኩ ከለስላሳ ምግብ ጋር እንዲዋጡ አደረግን። ከረጢቱ ትንሽ ስለሆነና ምግብ ቶሎ ስለሚያልፍ ሙሉው እንክብል በጊዜው ሳይሟሟ ሊወርድ ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በአሜሪካ የታተመ ንጽጽር እንክብሉን ከፍተው በወሰዱት ታካሚዎች ቁስለቱ የዳነበት መካከለኛ ጊዜ 91 ቀን፣ እንዳለ በዋጡት ደግሞ 342 ቀን መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ያለፉ መዝገቦችን ያገላበጠ እንጂ ታካሚዎችን በዕጣ የመደበ አይደለም። ቢሆንም ዘዴው ምንም ወጪ የለውም፤ ላለመጠቀም ምክንያት አላየሁም።

አብሮ የታዘዘው ሱክራልፌት፣ ማለትም ቁስለቱን የሚሸፍነው መድኃኒት፣ ብዙም አልሠራም። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ በቀን አራት ጊዜ፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ተለይቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ መወሰድ አለበት። እናቷን የምታስታምም ሴት ይህን ልትከተል አልቻለችም፤ ሲደላት በቀን ሁለቴ እንደወሰደችው ነግራናለች።

ሕመሙ ጠፋ፣ ሄሞግሎቢኗም ወጣ። ከፋሲካ በኋላ ግን አዲስ ችግር ተከሰተ። መጀመሪያ ጥብስ፣ ቀጥሎ እንጀራ ደረቷ ላይ እየቆመ ይመለስባት ጀመር። በስምንተኛው ሳምንት ኢንዶስኮፒውን ስንደግም ቁስለቱ ድኗል፤ ጠባሳው ግን መገጣጠሚያውን ወደ 6 ሚሊሜትር አጥብቦታል። ወደ 10 ሚሊሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው መሣሪያችን አላለፈም። በዚህ ጊዜ መቁረጫው ተገኝቶ ስለነበር የክሩ ጫፍ ከሥሩ ተቆርጦ ወጣ።

ጥበቱን በውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ለመክፈት ተስማማን፤ ያልተስማማነው በመጠኑ ነው። አንድ ባልደረባዬ በአንድ ጊዜ 15 ሚሊሜትር አድርሰን እንጨርስ አለ። እኔ በደረጃ መሄዱን መረጥኩ። ቶሎ መክፈት የመቀደድ አደጋ አለው፤ ቢቀደድ እንዲህ ዓይነቱን ሆድ የሚያውቅ ቀዶ ሐኪም በሰዓታት ውስጥ ማግኘታችን እርግጠኛ አልነበረም። ከልክ በላይ ከሰፋም ምግብ በፍጥነት ወደ አንጀት ይወርድና ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ተቅማጥ ያመጣል። መጀመሪያ 10 ሚሊሜትር ከፈትን፤ እፎይታው ብዙ ሳይቆይ ተመለሰባት። በሁለተኛው ዙር 12፣ በሦስተኛው 13.5 አደረስነው። ከዚያ በኋላ በደንብ እያኘከች የቤቱን ምግብ ሁሉ መብላት ቻለች። ባልደረባዬ እስካሁን ሁለት ዙር ይበቃ ነበር ይላል፤ ልክ ሊሆን ይችላል።

የኤች ፓይሎሪ ጥያቄ

በኢትዮጵያ ተወልዶ ያደገ ሰው በዚህ ተህዋሲ የመያዙ ዕድል ከፍተኛ ስለሆነ ጥያቄው ሊታለፍ አይችልም። ከከረጢቱ የተወሰደው ናሙናም የሰገራ ምርመራውም ነጻ ናት አሉ። ሁለቱም የተደረጉት ኦሜፕራዞል እየወሰደች ነበር፤ ይህ መድኃኒት ተህዋሲውን ሳያጠፋ ከምርመራ ሊሰውረው ይችላል። በዚያ ላይ ከረጢቱ ነጻ ቢሆን እንኳ መሣሪያው በማይደርስበት በተገለለው ጨጓራ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሳይመረመር እንከም የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ገና ለደማ ሆድ አሲድ መቀነሻውን ለምርመራ ብሎ ማቆም አይቻልም፤ በጭፍን አንቲባዮቲክ መስጠትም አልወደድኩትም። ስለዚህ ቁስለቱ መዳኑ በዓይን እስኪታይና ጥበቱ እስኪከፈት ጠበቅን። ከዚያ ኦሜፕራዞሉ ለሁለት ሳምንት ቆሞ የሰገራ ምርመራው ሲደገም ተህዋሲው ተገኘ። የ14 ቀን ሕክምናዋን ወሰደች።

ለሌሎች ባለሙያዎችና ታካሚዎች

ከዚህ በኋላ በክፍላችን የቀዶ ጥገና ታሪክ የሚጠየቀው ታካሚው ብቻውን ሆኖ ነው። ጥያቄውም «ክብደት ለመቀነስ በሆድዎ ላይ የተደረገ ነገር አለ?» ተብሎ በቀጥታ ይቀርባል። ዓይነቱን ማወቅም ያስፈልጋል። «የጨጓራ ቀዶ ጥገና» ያለ ሰው ባይፓስ ሳይሆን ስሊቭ ተደርጎለት ሊሆን ይችላል። በስሊቭ ከጨጓራው ከሦስት አራተኛ የማያንሰው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ረጅም ቱቦ ነው፤ ዱዮደነም እንደ ቀድሞው ይታያል። እዚያ የምንፈልገው ሌላ ነው፦ ወደ ምግብ ቧንቧ የሚመለስ አሲድ ያመጣው ጉዳት፣ የቱቦው መሃል መጥበብ ወይም መጠምዘዝ፣ ቀዶ ጥገናው ቅርብ ከሆነ ደግሞ ከላይኛው ጫፍ የሚያፈስ ስፌት።

የምርመራው ወረቀትም እንደ ሆዱ መቀየር አለበት። «መውጫው አልታየም» የሚል ዐረፍተ ነገር ባይፓስ ላለው ሰው ትርጉም የለውም። የከረጢቱ ርዝመት፣ የመገጣጠሚያው ስፋት፣ በየትኛው በኩል ምን እንዳለ፣ ክር ወይም ስቴፕል መታየቱ፣ የስቴፕል መስመሩ ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው፣ ምን ያህል ርቀት እንደተደረሰ መጻፍ አለበት። ያልታየውም ክፍል እንዳልታየ ይጻፍ።

ንጹሕ የኢንዶስኮፒ ውጤት ሁሉንም ነገር እንደማይዘጋም መታወቅ አለበት። ባይፓስ ያለው ሰው እየመጣ የሚሄድ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ካለውና ከረጢቱ ጤናማ ከሆነ፣ አንጀቱ በቀዶ ጥገናው በተፈጠረ ክፍተት ሾልኮ ታንቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ኢንዶስኮፕ አያየውም። አጣዳፊ ሲቲ ስካንና ቀዶ ሐኪም ይፈልጋል፤ ሲቲው ደህና ቢመስል እንኳ ሕመሙ ካልተወ ቀዶ ሐኪሙ ማየት አለበት።

ለታካሚዎች ያለኝ ነገር አጭር ነው። የቀዶ ጥገናው ማስታወሻ ስልካችሁ ውስጥ ይኑር። ለዘመድ መንገር የእናንተ ፈንታ ነው፤ ለሐኪም ግን ንገሩ። ፋርማሲ ስትቆሙም ቀዶ ጥገናችሁን አስታውቃችሁ፣ ፓራሲታሞል እንጂ የዳይክሎፌናክና የአይቡፕሮፌን ወገን እንደማትወስዱ ተናገሩ።

የቀረው ሥራ

ታካሚዋ ወደ አሜሪካ ስትመለስ የኢንዶስኮፒዎቹን ፎቶና ወረቀት ለቀዶ ሐኪሟ ይዛ ሄዳለች። ተህዋሲው መጥፋቱን የሚያረጋግጠው ምርመራ የሚደረገው እዚያ ነው፤ ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ አሲድ መቀነሻው ከቆመ ደግሞ ሁለት ሳምንት ማለፍ አለበት። ሄሞግሎቢኗ 11.8 ደርሷል፤ የብረት ክምችቷ ግን አሁንም ዝቅተኛ ነው። ብረት በዋነኛነት የሚመጠጠው ምግብ በማያልፍበት በዱዮደነም ስለሆነ፣ ክኒኑ ብቻውን ይበቃል ብለን አልጠበቅንም፤ ብረቱ በደም ሥር እንዲሰጣትና ቢ12 እና ቲያሚን በየጊዜው እንዲለኩላት በደብዳቤው ላይ ጠይቀናል። አክስቷ ዛሬም ስለ ባይፓሱ አያውቁም።